እዝባር የሌለበት ታፔላ

ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ ወደ እኛ አገር የሚሄዱትን መኪኖች ስመለከት፣ የከተማዬን ስም ሙሉውን የጻፈ አንድም አላገኘሁም። መስታወቱ ሥር የተሸጎጠችው ታፔላ «ደ/ብርሃን» ትላለች። ከኋላው ያለው መኪና «ደ/ሲና» ነው። እኔ ራሴ «ሰ/ሸዋ» የሚል ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ተመዝግቤ፣ «ት/ቤት» በሚል በር እየገባሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ የአባቴ ስም በ«ገ/» ይጀምራል። አያቴ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ «ገብረ» አሉ እንጂ «ገ እዝባር» አላሉም።

ይህን ሁሉ ለብዙ ጊዜ ስንፍና ነው እያልኩ ኖርኩ። ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ ስስል ከቆየሁ በኋላ ግን ነገሩ የቦታ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። የእኛ ፊደል ወርዱ ሰፊ ነው። ፈረንጁ አንድ ቋሚ ጭረት አስምሮ አንድ ፊደል ጻፍኩ ሲል፣ እኛ ለአንድ «ጨ» ሦስት እግር እናቆማለን። ሰሌዳው ሲጠብ ወይ ፊደሉ ያንሳል ወይ ቃሉ ይቆረጣል፤ እኛ ቃሉን መቁረጥ መረጥን። ሌላ መላ እንዳለው ያሳዩኝ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ሰፈራችን ጠባሴ ታፔላ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ለልጁም ለአዋቂውም «ጋሼ» ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ድቁናውን ጀምረው ትተው፣ ብሩሽ የያዙ። የስድስተኛ ክፍል ትምህርት አልቆ ክረምቱን ሥራ ፈትቼ ስዞር ስላዩኝ የቀለም ቆርቆሮ አሸከሙኝ። ደመወዜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሻይ በዳቦ ነበር።

ታፔላ መጻፍ ለመማር ከደብረ ብርሃን ክረምት የባሰ ጊዜ የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ጉም ስትጠጣ ትውላለች፤ የዘይት ቀለም ደግሞ ጉም አይወድም። ጠዋት የተቀባ ላሜራ ማታም እጅ ላይ ይነሣል። ጋሼ አንዱን ቀለም ቀብተው ሌላውን እስኪደርቡ ብዙ ስለሚጠብቁ ብዙ ያወራሉ። ስለ ፊደል የማውቀውን ግማሹን የሰማሁት ቀለም እስኪደርቅ ቁጭ ብለን ነው።

አንድ ቀን ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሱቅ ያላቸው እትዬ አስጠሩን። ባና ይሸጣሉ፣ ዝተት ይሸጣሉ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር በርኖስ ይሸጣሉ። ከበሩ በላይ፣ ከክፈፉ በታች ያለችው ቦታ ወርዷ 1 ሜትር ከ80፣ ቁመቷ 35 ሳንቲ ሜትር ናት። ግራና ቀኝ የሰው ሱቅ ነው፣ መግፋት አይቻልም። እትዬ እንዲጻፍላቸው የፈለጉት «የመንዝ ባና ዝተትና በርኖስ መሸጫ» ነበር። አሥራ ሰባት ፊደል።

ጋሼ ቦታውን በስንዝር ለኩና «እትዬ፣ ‹የመንዝ ባና ወዘተ› ብንለውስ?» አሉ።

«ወዘተ ምንድን ነው?»

«ሌላውም ሌላውም ማለት ነው።»

«እኔ ወዘተ የሚባል ዕቃ አልሸጥም። የምሸጠውን ጻፍልኝ።»

«እንግዲያ ፊደሉን ላሳንሰው?»

«አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው ካላነበበው ምን ያደርግልኛል? ሱቄን የሚያውቅማ ያለ ታፔላም ይመጣል።»

ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ላሜራውን አዩት። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ገመዱን» አሉኝ። ጠመኔ የጠገበውን ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጥረን «ጧ» ስናደርገው ነጭ መስመር ጥሎ ተነሣ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ መካከሉ 30 ሳንቲ ሜትር። ፊደሎቹ ቁመታቸው አንድ ሆነ፣ ከላይ የተረፈም ከታች የወረደም የለም። ወርዳቸው ግን የቁመታቸው ሢሶ እንኳ አይሞላም። ረጃጅም፣ ጥቋቁር፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ፤ ጥምቀት ላይ ታቦት ለማየት የሚጋፋ ሕዝብ ይመስላሉ።

ያን ቀን የነገሩኝን ሕግ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። «እግሩ ሁለት ጣት፣ በሩ አንድ ጣት።» በር የሚሉት በሁለቱ እግሮች መካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ነው። ፊደል አጥብብ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እግሩን ማቅጠን ነው። እሳቸው እግሩን አይነኩም፤ የሚያጠቡት በሩን ነው። ሩቅ ቆሞ ለሚያይ የሚታየው እግሩ ነዋ። በሩ እግሩን ከእግሩ ለመለየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚያ አንድ ጣት ይበቃል፣ ከአንድ ጣት ካነሰ ግን ቀለሙ ራሱ ፈሶ ይዘጋዋል።

ጭንቁ የመጣው «ባና» ላይ ነው። «በ» እና «ባ» የሚለዩት በግራ እግራቸው ርዝመት ብቻ ነው። ቀኙ አጥሮ ግራው ሲረዝም ደግሞ «ቦ» ይሆናል። ፊደሉ ሲወፍርና ሲጠብ ዓይን የሚያየው አንድ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ትንሽ ማሳጠር አይታይም፤ ባናው «በና» ተብሎ ሊነበብ ነው። ጋሼ የ«ባ»ን ግራ እግር ከወገቡ ላይ ቆረጡት። እኔ አፌን ከፍቼ አየሁ። የመማሪያ መጽሐፌ ላይ ያለው «ባ» እግሩ የሚያጥረው ለስሙ ያህል ነው። «እንዲህ አይጻፍም እኮ ጋሼ» አልኳቸው። «መጽሐፉን ክንድህ ላይ ይዘህ ነው የምታነበው። ይህን ግን ከመኪና መስኮት ነው» አሉኝ። ባለ ሦስት እግሩ «ጫ» ላይ ሲደርሱ ሕጋቸውን ራሳቸው ሻሩ፤ እግሮቹን ወደ አንድ ጣት ተኩል አወረዱ። ሻርከው አላልኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ መንገዱን ተሻግረን ከማዶ አነበብነው። ሙሉው ነበር። እዝባር የለ፣ ወዘተ የለ።

በዚያው ክረምት የተማርኩት ሌላም አለ፣ ለአማርኛ መምህሬ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ጋሼ «ሥጋ ቤት» ሲጽፉ ቦታ ካለ ንጉሡን «ሥ» ይጽፋሉ፤ ቦታ ከጠበበ እሳቱን «ስ»። «ጠጉር ቤት» የሚለውንማ አንድ ቦታ በ«ጸ»፣ ሌላ ቦታ በ«ፀ»፣ ሌላ ቦታ በ«ጠ» አይቼዋለሁ፣ ሁሉም በእሳቸው ብሩሽ የተጻፉ። ዳዊት የደገሙ ሰው ሐመሩን ከሃሌታው፣ ጸሎቱን ከፀሐዩ መለየት አቅቷቸው አይደለም። የድምፁ ወንድማማቾች በዝተው ሳለ አንዱ ቀጠን ሌላው ወፈር ካለ፣ ታፔላ ጸሐፊ እንደ ሸማኔ ነው፤ ካለው ድርና ማግ የሚበቃውን ይመርጣል። የቋንቋ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል። እኔ ራሴ መጽሐፍ ውስጥ ባየው እቆጣለሁ። ከሥጋ ቤት በር በላይ ግን አልቆጣም።

ይህ ወፍራም እግር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብራና ጸሐፊ መቃ ብርዑን አፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ወደ ታች ሲስበው ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲስበው ቀጭን ይወጣል። የፊደላችን ክብደት ያለው እግሩ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ጸሐፊዎቹ ደግሞ ጽሕፈትን በመጠኑ ለይተው ጠርተውታል፤ ትልቁ ጉልሕ፣ ደቃቁ ረቂቅ። እኛ ዛሬ የርዕስ ፊደል፣ የማስታወቂያ ፊደል የምንለው ነገር ዘመዱ ጉልሕ ነው። ልዩነቱ የብራና ጉልሕ ሰፋ ብሎ ተንሰራፍቶ መቀመጡ ነው፤ በግ አርዶ ቆዳ ዳምጦ ገጽ ያዘጋጀ ሰው ለእግዚአብሔር ቃል ቦታ አይነፍግም። የጋሼ ፊደል ግን ኪራይ በካሬ በሚከፈልበት ከተማ የተወለደ ጉልሕ ነው።

ስለ ፊደል ማተም ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ከእኛው አካባቢ የሄደ መሆኑ ነው። በፊደላችን መጀመሪያ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1548 ከደብረ ሊባኖስ የወጣ ተስፋ ጽዮን የሚባል መነኩሴ እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም ጀመረ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ የይቅርታ ቃል አለ። አታሚዎቹ ማንበብ አያውቁም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ እነሱ እኛን፣ እኛም እነሱን፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ነውና ስሕተቱን ይቅር በሉን ይላል። ፎንት መሥራት ስጀምር ይህን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ባነር ቤት ገብቶ ያውቃል እንጂ ፊደል ቤት ገብቶ የማያውቅ ልጅ አማርኛ ሲያቀናብር ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

የፈረንጆቹም ጠባብና ወፍራም ፊደል የተወለደው ከዚያው ከቦታ ችግር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የግድግዳ ማስታወቂያ ሲበዛ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ትልልቅ የማተሚያ ፊደል ከባድም ውድም ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1827 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳርየስ ዌልስ የሚባል ሰው ፊደልን በብዛት ከእንጨት የሚቀርጽበትን ዘዴ አመጣ፤ ከዚያ በኋላ የሰርከሱም የጨረታውም ወረቀት በረጃጅም ጠባብ ፊደል ተሞላ። ዛሬ ስልካችን ላይ በየቀልዱ ሥዕል ራስጌ የሚቀመጠው ኢምፓክትም እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ አገር በጄፍሪ ሊ የተሠራ የማስታወቂያ ፊደል ነው። እነሱ ግን የሚስሉት 26 ፊደል ነው፤ በትልቁ ብቻ ልጻፍ ካሉ በ26 ይገላገላሉ። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ያለን 33 በ7 ነው፣ 231። «ቨ»ን ከነቤተሰቧ ስትጨምር 238። በላዩ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ አሉ። የግእዝ ቁጥሮቹ 20 ናቸው። ለአንድ ፊደል አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሞኝ ነበርኩ።

ፎንት የመሥራት ሐሳብ ያመጣብኝ ንዴት ነው። አዲስ አበባ ባነር ቤት ውስጥ ለጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ ረጅም ስም ይሰጣል፣ ባነሩ አይበቃም። ሠራተኛው ፊደሉን ከጎኑ ይይዝና ይጨፈልቀዋል፤ እኔም ጨፍልቄያለሁ። አንድን ፊደል ወርዱን ወደ 60 በመቶ ስትጨፈልቀው ቁመቱ አይነካም፤ ስለዚህ ወደ ጎን የሚሄዱት ጭረቶች እንዳሉ ይቀራሉ፣ እግሮቹ ግን ውፍረታቸው ወደ 60 በመቶ ይከሳል። ለላቲን ፊደል ይህ መጥፎ ነው። ለእኛ ደግሞ ክብደቱን ሁሉ ከእግሩ ገፍፎ ጣሪያው ላይ መጫን ነው። «መ» የከሳ ፊት ላይ የተደረገ መነጽር ይመስላል። «ሌ» ግርጌ ያለችው ቀለበት ጎንዋ ክር፣ ላይዋና ታችዋ ደንዳና ሆና ከቀለበትነት ትወጣለች። ከተማው በሙሉ በዚህ ተሞልቶ ሳይ፣ የጋሼ ሁለት ጣት ትዝ አለችኝ።

ጥሩ ፎንት የለም ማለቴ አይደለም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ለንባብ የተሠራ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ የሚያፍር ይመስለኛል እንጂ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ ጠበብ ያለና ወፈር ያለ መልክም አለው፤ ደኅና ተሠርቷል፤ ስልክ ላይ፣ ሪፖርት ላይ፣ ሠንጠረዥ ላይ ያለ እሱ አልሠራም። ግን ጨዋ ነው። ቆሎ ለመሸጥ አይጮህም። እኔ የምፈልገው እንደ ደብረ ሲና ቆሎ ሻጭ ከአውቶቡሱ ጋር የሚሮጥ ፊደል ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ካሜራ ይዤ ወረድኩ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። የሄድኩት በእጅ የተጻፈ ጠባብ ፊደል ለቀማ ነው። ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የአይሱዙ ኋላ መዝጊያ ላይ፣ የወፍጮ ቤት በር ላይ አገኘሁ። የየከተማው እጅ ይለያያል። ደጋው ላይ ያለው ማዕዘን ያበዛል፤ ጭረቱ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ነው። ወደ ቆላ ስትወርድ ክብ ክብ እያለ ይሄዳል። ምክንያት ልሰጠው አልችልም፤ ምናልባት አንዱ ሰው አስተምሮ ሌላው ከእሱ ተምሮ ይሆናል።

ሸዋ ሮቢት ያየሁት አንድ የጎሚስታ ቤት ታፔላ ግን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። ጸሐፊው ፊደሉን በቀይ ጽፎ ቀኝና ግርጌውን በጥቁር ጥላ አድርጎለት ነበር። የቆላው ፀሐይ ቀዩን ጠጥቶ ጨርሶታል። የቀረው ጥላው ብቻ ነው። ቃሉ ግን ይነበባል፤ ዓይን ከጥላው ተነሥቶ የሌለውን ፊደል ይሞላዋል። እዚያ ቆሜ ከእያንዳንዱ ፊደል ምን ያህሉን ብታነሣበት ሳይሞት እንደሚቀር ተማርኩ። የመኪና ጎማ የሚያስነፋ ሰውዬ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ታፔላውን ነው የማነሣው ስለው ዞሮ አየውና «እሱማ አርጅቷል» ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ቤቴ ገብቼ ፎንትፎርጅ በሚባል የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ላይ መሳል ስጀምር ግን የጋሼ ሕግ ብቻውን አልበቃኝም። ካዕቦች ላይ ወገብ አካባቢ ወደ ቀኝ የምትወጣ ጭረት አለች፤ «ቡ»፣ «ሉ»፣ «ቱ» ላይ እንዳለችው። ጠባብ ፊደል ውስጥ ያቺ ጭረት ቀጣዩን ፊደል ገፍታ ቀዳዳ ትከፍታለች፣ የፊደሎቹ ግንብ ይነቃል። ፎቶዎቼን ሳገላብጥ ጸሐፊዎቹ ምን እንደሚያደርጉ አየሁ፤ ቀጣዩ ፊደል ባለ አንድ እግር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ተ» ወይም «ነ»፣ ጭረቷን ከክንዱ ሥር ያስገቧታል። ጎረቤት በጎረቤቱ ክፈፍ ሥር ዝናብ እንደሚጠለል ማለት ነው። ይህን ለኮምፒውተር ለማስረዳት ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ክፍተቱን መመጠን ያስፈልጋል፤ 238ቱን በ238 ላባዛው ስል ተውኩና አብረው የሚመጡትን ብቻ ሠራሁ።

ሌላው ነገር ድግግሞሽ ነው። የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት «ን» ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ፎንት ውስጥ ግን መንታ ናቸው፤ «የእጅ» ብለህ የሸጥከው ፊደል በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቴ ከመጣ ውሸቱ ይታወቃል። መፍትሔው ለአንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት መልክ ስሎ፣ በተከታታይ ሲመጡ እያፈራረቁ እንዲወጡ ማዘዝ ነው። ለሁሉም እንዲህ ላድርግ ብል አርጅቼ እሞታለሁ። አማርኛ ላይ ከሚበዙት ለ«ን»፣ ለ«ት»፣ ለ«ም» እና ለ«ል» ብቻ አደረግኩ። ሌሎቹ እንዳሉ መንታ ናቸው።

እስካሁን ምን ምን ላይ እንደዋለ ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ የግጥም መድብሉ ሽፋን ላይ ተጠቀመበት፤ ርዕሱ ሁለት ቃል ስለነበር ገጹን ከላይ እስከ ታች ሞላው፣ ያምራል። የአክስቴ ልጅ የሠርግ ባነር ላይ የሙሽሮቹ ስም ከነአባታቸው ሳይቆረጥ ገባ። አንድ ሰው ደግሞ የንግግር ጽሑፉን አራት ገጽ ሙሉ በዚህ ጽፎ ላከልኝ፤ ሳነበው ዓይኔ አለቀሰ። ይህ ፊደል ከሁለት መስመር በላይ አይሄድም። የመድኃኒት ወረቀት ላይ እንዳትጽፉበት፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ሲያንስ ይደፈናል፣ «ሌ» ከ«ሊ» አይለይም። የሐዘን ማስታወቂያ ላይም ባይሆን እመርጣለሁ፤ ቁመናው የሚጮህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሥራ የሰፈራችን ዕድር ያዘዘኝ ነው። ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ላይ የዕድሩን ስም ለመጻፍ ስቴንስል ፈለጉ፤ ካርቶን ተቆርጦ በላዩ ቀለም የሚረጭበት። ችግሩ ገና ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀመረ። «ዕ» ቀለበት ናት። ካርቶን ላይ ቀለበት ስትቆርጥ መሐሉ ወድቆ ይቀራል፣ የሚረጨው ቀለም ሙሉ ክብ ይሆናል። ከላይና ከታች ቀጭን ድልድይ ትተህ መሐሉን ማሰር አለብህ። በ«ወ»፣ በ«ቀ»፣ በ«መ»፣ በ«ፀ» ሁሉ እንዲሁ። ጠባቡ ቀለበት ላይ ድልድዩ ከወፈረ ቀለበቱ ተሰንጥቆ ሌላ ፊደል ይመስላል፤ ከቀጠነ ካርቶኑ በሁለተኛው አግዳሚ ይበጠሳል። ሦስት ካርቶን አበላሸሁ። የዕድሩ ዳኛ «ልጄ፣ ዱሮ በብሩሽ አይጻፍም ነበር እንዴ?» አሉኝ። ይጻፍ ነበር። ጋሼ ግን ብሩሽ ካስቀመጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል።

ባለፈው ወር የእትዬን ሱቅ ልፈልግ ወጣሁ። መንገዱ ሲሰፋ የፊቱ ረድፍ ሁሉ ፈርሷል። እትዬ አርፈዋል፤ ሥራውን የያዘችው ልጃቸው ናት፣ ከበፊቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላ። ታፔላውን ስጠይቃት ሳቀች። ጓሮ ይዛኝ ገባች። የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። ጠርዙ ዝጓል፣ የመጨረሻዋ «ጫ» ለጣሪያው ወርድ ሲባል ተቆርጣ «መሸ» የሚል ቀርቷል። «ባና» ላይ ዶሮ ቆማለች። ዶሮዋን እሽ ብዬ ጣቶቼን አሳረፍኩ። እግሩ ሁለት ጣት፣ በሩ አንድ ጣት። የ«ባ» ግራ እግር ከወገቡ ላይ እንደተቆረጠ ነው። ያን ጊዜ የለካሁት በልጅ ጣት ስለነበር አሁን ሁለት ጣቴ ትንሽ ይተርፋል።

ታፔላውን ልግዛው አልኳት፤ ዶሮዎቹ የት ይገባሉ አለችኝ። ፎቶ አነሣሁ፣ መጠኑን ጻፍኩ። ስወጣ ጠርታ አስቆመችኝ።

«ፊደል የምትሠራ ከሆንክ ለእኔም ሥራልኛ። የእማዬን የመሰለ።»

«ያንኑ ቃል?»

«ያንኑ። ግን ስልክ ቁጥርም ይግባበት።»

አዲሱን ቦታ ለካሁ። 1 ሜትር ከ65 ነው፣ ከድሮው በ15 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። አሥራ ሰባት ፊደልና አሥር አኃዝ። ስልክ ቁጥር ደግሞ በእዝባር አያጥርም፣ በወዘተም አያልቅም። እኔ የሳልኳቸው የግእዝ ቁጥሮቹን ብቻ ነበር፤ በ፱ እና በ፲ የሚደውል ደንበኛ ስለሌለ፣ ይህን ሳምንት 0ን እየሳልኩ ነው። ቀለበት ናት እሷም፤ በሯ እስካሁን አንድ ጣት አልሆነልኝም።